ስለ ኬት ቡሽ «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» ነጠላ ዜማና ስለ ክሊፑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑ የማን ነው? መቼስ ወጣ?

«ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» (ያንን ኮረብታ ሽቅብ መሮጥ ማለት ነው) የእንግሊዛዊቷ ድምፃዊት የኬት ቡሽ ሥራ ነው። ግጥሙንና ዜማውን የደረሰችው፣ በፕሮዲውሰርነት የመራችውና የዘፈነችው ራሷ ናት። በነጠላ ዜማነት ኦገስት 5 ቀን 1985 በኢኤምአይ ኩባንያ በኩል ታትሞ ወጣ፤ ሴፕቴምበር 16 ቀን ደግሞ «ሀውንድስ ኦፍ ላቭ» የተባለው አልበም መክፈቻ ሆኖ ተከተለ። ነጠላ ዜማው ሲወጣ ድምፃዊቷ 27 ዓመት ከሞላት ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር።

ከዚህ ዘፈን በፊት ኬት ቡሽ ምን ደረጃ ላይ ነበረች?

በ1978 በ19 ዓመቷ ያወጣችው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ በብሪታንያ 1ኛ ወጥቶ ነበር፤ በራሷ በደረሰችው ዘፈን እዚያ ደረጃ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት። በ1982 ግን ሙሉ በሙሉ በራሷ ፕሮዲውሰርነት የሠራችው «ዘ ድሪሚንግ» የተባለው አልበም ኩባንያውን አሳሰበ። አልበሙ ራሱ 3ኛ ደረጃ ቢደርስም ነጠላ ዜማዎቹ አልተሸጡም፣ በተለያዩ ስቱዲዮዎች የጠፋው ጊዜና ገንዘብም ብዙ ነበር። ከዚህ በኋላ ከመድረክና ከቴሌቪዥን ራቅ ብላ፣ በለንደን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በሚገኘው የወላጆቿ የእርሻ ቤት ጎተራ ውስጥ የራሷን ስቱዲዮ አሠራች። ስለ ዘፈኑ የሚነገረው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ስቱዲዮ ነው ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በሰዓት ሒሳብ የሚከፈልበት ስቱዲዮ ውስጥ የምትሠራ ድምፃዊት አንድን የከበሮ ምት ልክ እስኪመጣ ድረስ ደጋግማ የመሞከር ነፃነት አይኖራትም፤ በራሷ ቤት ያለች ግን ይህን ማድረግ ትችላለች።

ሙዚቃው እንዴት ተቀናበረ?

ሥራው የተጀመረው በ1983 ሲሆን፣ መነሻ የሆኑት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው የሮጀር ሊን ፈጠራ የሆነው ሊንድራም የተባለው የከበሮ ማሽን ነው። ይህ ማሽን በኤሌክትሪክ የተፈበረከ ድምፅ ሳይሆን ከእውነተኛ ከበሮዎች የተቀዳ ድምፅ በቺፕ ላይ ይዞ፣ ተጠቃሚው ባዘጋጀለት ቅደም ተከተል መልሶ ያጫውታል። በዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ የሚጋልበውን ምት በዚህ ማሽን ላይ ያዘጋጀው፣ ለረጅም ጊዜ የሥራና የሕይወት አጋሯ የነበረው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዴል ፓልመር ነው።

ሁለተኛው ፌርላይት ሲኤምአይ ነው። ይህ መሣሪያ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ በፒተር ቮገልና በኪም ራይሪ የተሠራ፣ በ1979 ለገበያ የቀረበ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ማንኛውንም ድምፅ በዲጂታል መንገድ ቀድቶ በኪቦርድ ላይ በፈለጉት ከፍታ እንዲጫወቱት ያደርጋል። ዋጋው እጅግ ውድ በመሆኑ በጊዜው የነበሩት ባለቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኬት ቡሽ መሣሪያውን ያወቀችው በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ በፒተር ጋብርኤል በኩል ነው፤ በ1980 ባወጣችው አልበም ላይም ተጠቅማበታለች። በዚያን ጊዜ ግን ፌርላይቱ ለቀድሞው አሠራሯ ማጣፈጫ ነበር፤ አሁን ግን ዜማዋን የምትደርስበት ዋና መሣሪያዋ ሆነ። ቀደም ሲል በፒያኖ ላይ ተቀምጣ የምትደርሰው ድምፃዊት በፌርላይት ላይ መድረስ ስትጀምር የዘፈኖቿ አካሄድ ተቀየረ፤ በፒያኖ የሚመጡት ድንገተኛ መታጠፊያዎችና የምት ለውጦች ቀርተው፣ አንድን ሐሳብ ይዞ ሳይለቁ መጓዝ ተተካ።

ለሙከራ የተቀዳው ሥራም አልተጣለም። ብዙ ድምፃውያን በቤት የተቀዳውን ሙከራ ወደ ጎን ትተው በትልቁ ስቱዲዮ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምሩ ነበር፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ቅጂ መሠረት ሆኖ ሌሎቹ ድምፆች በላዩ ተደረቡ። ስቱዋርት ኤሊየት ከበሮ፣ አለን መርፊ ጊታር፣ የድምፃዊቷ ወንድም ፓዲ ቡሽ ደግሞ ባላላይካ የተባለውን ባለ ሦስት ክር የሩሲያ መሣሪያ ጨመሩ። የመጀመሪያው ስሜት አብዛኛውን ጊዜ በሙከራው ላይ ይቀራል የሚለው የሙዚቀኞች ወግ እውነት ከሆነ፣ ይህ ዘፈን ያንን ስሜት ይዞ የቀረው በዚህ አሠራር ምክንያት ይመስላል።

መግቢያው ላይ የሚሰማው የሚያለቅስ የመሰለ ድምፅ የምን መሣሪያ ነው?

የሰው ድምፅ ወይም ጊታር የሚመስላቸው አድማጮች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በፌርላይቱ ውስጥ ከነበሩት የተቀዱ ድምፆች መካከል ከአንዱ፣ ከቼሎ፣ የተገኘ ነው። የጊዜው ቅጂ ጥራት ዝቅተኛ ስለነበረ የቼሎው ተፈጥሯዊ ቃና ሻከር ብሎ ይወጣል፤ ይኸው ጉድለት የሚመስለው ነገር ድምፁን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አድርጎታል። ከዚህ ሥር ደግሞ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ የሚሰማ፣ ኮርዶቹ (በአንድነት የሚሰሙት የድምፆች ጥምረቶች) በላዩ ሲቀያየሩ እርሱ ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ረጅም ድምፅ አለ። ከበሮው ወደፊት ይሮጣል፣ ይህ ድምፅ ግን ባለበት ይቆማል። ዳገት ሽቅብ እየሮጡ ከፍታው ያለመቅረቡን ስሜት ከግጥሙ በፊት የሚነግረን ይህ ግጭት ነው።

ሲንዝ-ፖፕ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚሠራ የፖፕ ሙዚቃ) ሊባል ይገባዋልን?

በአሠራሩ አዎን፤ የከበሮ ማሽንና ዲጂታል ኪቦርድ ከሌሉ ዘፈኑ አይኖርም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በሲንዝ-ፖፕ ስም ከሚታወቁት ብዙዎቹ ሥራዎች የሚለየው ነገር አለው። አብዛኞቹ የማሽኑን ቅዝቃዜ እንደ ውበት ወስደው ድምፃቸውንም ቀዝቃዛ ያደርጉ ነበር፤ ኬት ቡሽ ግን የማሽኑን ግትርነት እንዳለ ትታ በላዩ የምትዘፍነው በሙሉ ስሜት ነው። በመጀመሪያዎቹ ስንኞች ረጋ ብላ ትጀምራለች፣ በአዝማቹ ላይ ከፍ ትላለች፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ወፍሮና ጠልቆ እንዲሰማ የተደረገ ድምፅ ከሥሯ ይገባል። አንዳንዶች አርት ፖፕ፣ ማለትም ጥበባዊ ሙከራ የሚበዛበት ፖፕ፣ ይሉታል፤ ስያሜው ብዙም የሚያከራክር አይደለም።

ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?

ስለሚዋደዱ፣ ነገር ግን ስለማይግባቡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው። ድምፃዊቷ በ1985 በሰጠቻቸው ቃለ ምልልሶች እንዳስረዳችው፣ ወንድና ሴት አንዱ የሌላውን ስሜት በሙሉ ሊረዳ የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ቦታ ቢለዋወጡ ነው። ይህ በሰው ኃይል የሚሆን ስላልሆነ ውል ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመጣላት በተረቶች ዘንድ የተለመደው፣ ከዲያብሎስ ጋር የሚደረገው ውል ነበር፤ ቆይታ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ቢሆን እጅግ የበረታ ይሆናል ብላ አሰበች። ይህ ምርጫ የግጥሙን መንፈስ ለውጦታል። ከዲያብሎስ ጋር የሚዋዋል ሰው ነፍሱን ሸጦ ሀብት ወይም ዕውቀት ያገኛል፤ እዚህ የምትለምነው ሴት ግን ለራሷ አንዳች ነገር አትጠይቅም፣ የምትወደው ሰው የሚሰማውን ለማወቅ ብቻ ትፈልጋለች። ስለዚህ ዘፈኑን የእምነት መዝሙር አድርገው የሚሰሙትም፣ የፀረ-እምነት ንግግር አድርገው የሚቃወሙትም ከመሠረተ ሐሳቡ ይርቃሉ። ሁለቱ ሰዎች ሳያስቡት እርስ በርስ እየተጎዳዱ መሆናቸውን ግጥሙ ደጋግሞ ያነሳል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። በእኔ ግምት የዘፈኑ ትልቁ ብልሃት ይህ ዝምታ ነው።

ርእሱ ለምን ተቀየረ?

ኬት ቡሽ የሰጠችው የመጀመሪያ ስም «ኤ ዲል ዊዝ ጋድ» ነበር፤ ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ውል ማለት ነው። የኩባንያው ሰዎች በርእሱ ላይ የእግዚአብሔር ስም ካለ እንደ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ አየርላንድና አውስትራሊያ ባሉ አገሮች የሚገኙ የሬዲዮ ጣቢያዎች አያጫውቱትም ብለው ሠጉ። ድምፃዊቷ በክርክሩ ባታምንበትም፣ ያለፈው አልበሟ የተጠበቀውን ያህል ባለመሸጡ ምክንያት ይህ ሥራ ተገቢ ዕድል ሳያገኝ እንዳይቀር ብላ ተስማማች። በአልበሙ ላይ ግን የመጀመሪያው ስም በቅንፍ ውስጥ ሆኖ እንዲታተም አደረገች፤ በኋላም ለእርሷ የዘፈኑ ስም ያው የመጀመሪያው መሆኑን ተናግራለች። በአንጻሩ በሌላ ጉዳይ አልተሸነፈችም። ኩባንያው ከአልበሙ አስቀድሞ እንዲወጣ የፈለገው «ክላውድበስቲንግ» የተባለውን ዘፈን ነበር፤ ይህኛው መቅደም አለበት ብላ የጸናችው ራሷ ናት።

ክሊፑን ማን ሠራው? ምንስ ይታይበታል?

ዳይሬክተሩ በፊልም ካሜራ ባለሙያነቱ የሚታወቀው ዴቪድ ጋርፋት ነው። ዳንሱን ያቀናበረችው ዳያን ግሬይ ስትሆን፣ ከኬት ቡሽ ጋር የሚደንሰው ማይክል ኤርቪው የተባለ ዳንሰኛ ነው። ሁለቱም የለበሱት ሃካማ የሚባለውን፣ ሰፊና ሽንሽን የሆነ የጃፓን ልብስ ሲሆን፣ ቀለሙ ግራጫ ነው። ወንዱና ሴቲቱ አንድ ዓይነት ልብስ መልበሳቸው በአጋጣሚ የተደረገ አይመስልም። ቦታ መለዋወጥን በሚመኝ ዘፈን ውስጥ ከርቀት ሲታዩ ማንኛው ማን እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግሩ ሁለት አካላት መቅረባቸው ሐሳቡን ያለ ቃል ይገልጻል።

ዳንሱ የዘመናዊ ዳንስ ነው፤ መደጋገፍ፣ መሸከም፣ መውደቅና መያዝ ይበዛበታል። አንዱ ሌላውን ሲያነሳ ተሸካሚውና ተሸካሚዋ ይፈራረቃሉ እንጂ ሁልጊዜ ወንዱ ብቻ አይደለም ክብደቱን የሚችለው። በየመሐሉ ካሜራው ከባዶው አዳራሽ ወጥቶ በማይታወቁ ሰዎች ብዛት መካከል ይገባል፤ ሁለቱም ጭምብል ባጠለቀ ሕዝብ ውስጥ እየተፈላለጉ ይታያሉ። ዘፈኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወንዱ ከሴቲቱ ይርቃል፤ ከዚያም ማለቂያ የሌለው የሰው ጎርፍ ሁለቱን በረጅም ኮሪደር ውስጥ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዟቸው ይሄዳል። ሰዎቹ በፊታቸው ያጠለቁት የራሳቸው የኬት ቡሽና የኤርቪው ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸውን ሲያዩ የሚፈልጉት ፊት በየአቅጣጫው አለ፣ ሰውየው ግን የለም። የምንወደውን ሰው በልባችን ስለን ያንኑ ሥዕል እናውቃለን እንጂ ሰውየውን እናውቀዋለን ማለት አይደለም የሚለውን ሐሳብ በዚህ መጠን ያሳየ የዚያ ዘመን ክሊፕ ማግኘት ያዳግታል። ጭምብሎቹን እንደ አስፈሪ ትርኢት ብቻ የሚያዩአቸው ተመልካቾች ይህን ክፍል ከዳንሱ ጋር አያይዘው ቢያዩት መልካም ነው።

ቀስት የመሳብ እንቅስቃሴው ምንድን ነው?

በዳንሱ ውስጥ ደጋን ወጥሮ ቀስት የማነጣጠር ምልክት በተደጋጋሚ ይመጣል። በእጅ ላይ ምንም የለም፤ ክንዱ ብቻ ወደ ኋላ ይሳባል። በነጠላ ዜማው ሽፋን ላይ ግን ድምፃዊቷ እውነተኛ ደጋንና ቀስት ይዛ ትታያለች። ተወጥሮ ያልተለቀቀ ደጋን ከዘፈኑ ውጥረት ጋር ይስማማል።

ኬት ቡሽ በክሊፑ ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለምን አትዘፍንም?

ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በጊዜው በነበሩት የፖፕ ክሊፖች ውስጥ ዳንስ የሚገባው ለማድመቂያ ያህል ብቻ እንደነበር ድምፃዊቷ ትናገር ነበር፤ እርሷ ደግሞ ዳንስን በቁም ነገር እንዲታይ ፈለገች። ከሙዚቃ ሕይወቷ መጀመሪያ አንሥቶ ከእንግሊዛዊው ዳንሰኛና የዝምታ ተዋናይ ከሊንዚ ኬምፕ ዘንድ ዳንስና የዝምታ ትወና የተማረች ስለሆነች፣ ሰውነት ብቻውን ታሪክ መናገር እንደሚችል ታምን ነበር። አፍ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ የተመልካች ዓይን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሲዘጋ ግን ወደ መላው አካል ይዞራል።

ለዚህ ምርጫዋ ዋጋ ከፍላለች። የሙዚቃ ክሊፖችን ያሳይ የነበረው የአሜሪካው ኤምቲቪ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከንፈር ከድምፅ ጋር የማይሄድበትን ክሊፕ ማሳየት አልወደደም፤ በምትኩ በቢቢሲው የዎጋን ፕሮግራም ላይ ያቀረበችውን የመድረክ ትርኢት ያሳይ ነበር። የዘፈኑ ዋና ሥዕላዊ ሥራ በዚህ ምክንያት በወጣበት ወቅት ለብዙ አሜሪካውያን ሳይደርስ ቀረ።

በ1985 ምን ያህል ተደመጠ?

በብሪታንያ 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ከ1980 ወዲህ እስከ 10 ባለው ደረጃ ውስጥ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አልበሙ ደግሞ በአገሯ 1ኛ ወጣ። በአሜሪካ ነጠላ ዜማው 30ኛ ላይ ቆመ፤ ይህም ቢሆን እስከዚያ ጊዜ በዚያ አገር ካገኘችው ሁሉ የተሻለ ነበር።

ከ37 ዓመት በኋላ እንዴት 1ኛ ሊወጣ ቻለ?

ሜይ 27 ቀን 2022 በኔትፍሊክስ የተለቀቀው የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ተከታታይ ፊልም አራተኛ ምዕራፍ ዘፈኑን ስለተጠቀመበት ነው። ታሪኩ በ1986 የሚካሄድ ሲሆን፣ ማክስ የተባለችው በሐዘን የተጎዳች ልጅ ዘፈኑን በካሴት ማጫወቻ በጆሮ ማዳመጫዋ ታደምጠዋለች፤ ወደ ሞት ከሚጎትታት ክፉ ኃይል የሚያወጣትም ይኸው የምትወደው ዘፈን ይሆናል። የፊልሙን ሙዚቃ የምትመርጠው ኖራ ፌልደር ፈቃድ ስትጠይቅ ኬት ቡሽ ዘፈኑ የሚገባበትን ሁኔታ ካወቀች በኋላ ነው የፈቀደችው፤ ፊልሙንም አስቀድማ ትከታተለው ነበር። በአጭር ማጀቢያነት ብቻ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ዘፈኑ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ተሰጥቶት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ የሕግ ጉዳይ አለ። በብሪታንያ የደረጃ ሰንጠረዥ ደንብ መሠረት አሮጌ ዘፈን በኢንተርኔት ሲደመጥ፣ አንድ ሽያጭ ሆኖ እንዲቆጠር ከአዲስ ዘፈን እጥፍ ያህል መደመጥ ይኖርበታል። ይህ የተደረገው ሰንጠረዡ በድሮ ዘፈኖች እንዳይጥለቀለቅ ነው። ሰንጠረዡን የሚያወጣው ኩባንያ የዚህን ዘፈን አዲስ መነቃቃት ተመልክቶ ከደንቡ ነፃ አደረገው፤ ጁን 17 ቀን 2022ም 1ኛ ሆኖ ለሦስት ሳምንታት በዚያ ቆየ። በዚህም ሦስት ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፦ አንድ ነጠላ ዜማ ከወጣ በኋላ 1ኛ ለመሆን የወሰደበት ረጅሙ ጊዜ፣ ማለትም 37 ዓመት፤ በአንድ ድምፃዊ ሁለት 1ኛ ደረጃዎች መካከል ያለፈው ረጅሙ ጊዜ፣ ማለትም 44 ዓመት፤ እንዲሁም 1ኛ የወጣች በዕድሜ ትልቋ ሴት፣ በ63 ዓመቷ። በአሜሪካ ደግሞ 3ኛ ደረሰ። ክሊፑንም ከኤምቲቪ ውሳኔ በኋላ የመጣው ትውልድ ያለ ጣቢያ ፈቃድ በራሱ ስልክ ተመለከተው።

የ2012ቱ ቅጂ ከመጀመሪያው በምን ይለያል?

ለለንደን ኦሊምፒክ መዝጊያ ሥነ ሥርዓት በ2012 በቀረበው ቅጂ ላይ ኬት ቡሽ እንደገና ዘፍናለች፤ የዜማው ከፍታም ከዕድሜዋ ድምፅ ጋር እንዲስማማ ዝቅ ተደርጓል። በብሪታንያ 6ኛ ደርሷል። ለማነጻጸር ካልሆነ በስተቀር የ1985ቱን የሚተካ አይደለም።

በመድረክ ላይ ተጫውታዋለች?

ከ1979 በኋላ ለረጅም ዓመታት የኮንሰርት ጉዞ ስላላደረገች ዕድሉ ጥቂት ነበር። በ1987 ከጊታር ተጫዋቹ ከዴቪድ ጊልሞር ጋር በአንድ የበጎ አድራጎት ዝግጅት ላይ አቅርባዋለች፤ በ2014 ደግሞ በለንደን ሃመርስሚዝ ለ22 ምሽቶች ባካሄደችው ትርኢት ውስጥ ተካቶ ነበር። በ2023 ስሟ በአሜሪካው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ እርሷ አልተገኘችም፤ ዘፈኑን በሥነ ሥርዓቱ ላይ የተጫወተችው ሴንት ቪንሰንት በሚል ስም የምትታወቀው አሜሪካዊት ድምፃዊት ናት።

የትኛውን ቅጂ አስቀድሞ መስማት ይሻላል?

በአልበሙ ላይ ያለውን፣ በጆሮ ማዳመጫ። ባላላይካውና ከሥር ያለው ረጅም ድምፅ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰሙም። ከዚያ በኋላ በትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ የወጣውን፣ ድምፃዊቷ የሌለችበትን የሙዚቃ ቅጂ ማግኘት የቻለ ሰው፣ ቅንብሩ በጥቂት ነገሮች ብቻ የቆመ መሆኑን ይረዳል። በነጠላ ዜማው ሸክላ ጀርባ ያለው «አንደር ዚ አይቪ» የተባለው አጭር ዘፈን ደግሞ በፒያኖና በድምፅ ላይ ያተኮረ ነው፤ ያው ሰው በዚያው ዓመት ያለ ማሽን ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ እርሱን ይስማ።